አባዬ፣ ስለ እጅህ

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ስደውልልህ «ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ለእህቴ ታቀብላታለህ። ደብዳቤ ግን እንደዚያ አቀብለህ አትገላገለውም ብዬ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ የልጆቹን ወሬ ልንገርህ። ትንሹ ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ጥርሱ ወለቀ። የታችኛው፣ ፊት ለፊት፣ በቀኝ በኩል ያለው። «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ፤ ያንተ የልጅ ልጅ አይደል። 81 አልኩት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዶ 81 ጥርስ አለኝ እያለ አወራ። የወተት ጥርስ ጠቅላላው 20 ነው፣ 8ቱ የትኛው የአፍ ሩብ እንደሆነ፣ 1ዱ ደግሞ ከመሃል ስንተኛ እንደሆነ ነው የሚናገረው ብዬ ባስረዳው አልሰማኝም። እሱን 81ዱ ተስማምቶታል። ጥርሱን የክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጦልሃል። ትልቋ በቁመት ደርሳብኛለች። ካኮረፈች ሳምንት አትናገርም። ከማን እንደወረሰችው አንተ ታውቃለህ።

እኔም ሥራ ላይ ነኝ። «አሁንም ያንኑ ነገር ነው የምትሠሪው?» ትለኛለህ ሁልጊዜ። አዎ፣ ያንኑ ነገር ነው። 12 ዓመት ሆነኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። እንግዲህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

የጥርስ ክሊኒኮች አዲስ ነገር ሲያስገቡ እኔን ይጠራሉ። ዲጂታል ራጅ፣ የጥርስን ልክ በካሜራ የሚወስድ የአፍ ውስጥ ስካነር፣ የታካሚ ካርድ የሚይዝ ፕሮግራም። ሰው ሥራዬ ገመድ መሰካት ይመስለዋል። ገመዱ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የመጀመሪያውን ቀን እንግዳ መቀበያው ጋ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ካርድ ስንት ጊዜ ተፈልጎ እንደሚታጣ እቆጥራለሁ። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ ሳለ ማውሱን በምን እንደሚነካው አያለሁ። ከዚያ ከሐኪሙ በፊት ረዳቷን አስተምራለሁ። ረዳቷ ያልወደደችው ማሽን በወሩ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይቆማል። ስንቱን አይቻለሁ መሰለህ! ሻጮቹ ይሄን አይነግሯቸውም። የእነሱ ወሬ ስለ ስክሪኑ ጥራት ነው።

ስህተትም ሠርቻለሁ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርዶቹን ከድሮው ፕሮግራም ወደ አዲሱ ስናዛውር የሆነውን ስማ። የድሮው ጥርስን ከ1 እስከ 32 ነው የሚቆጥረው። አዲሱ ደግሞ አንተ እንዳስተማርከኝ አፍን አራት ቦታ ከፍሎ። በአንዱ 11 ማለት የላይኛው የግራ ክራንቻ ነው፤ በሌላው የላይኛው የቀኝ የፊት ጥርስ። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ልብ አላለውም። ረዳቷ ናት «ይሄ ሰውዬ እኮ የታመመው ክራንቻው ነበር» ያለችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከዚያ ወዲህ ካርድ ሳዛውር እየመዘዝኩ ከራጁ ጋር አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ባክአፑን፣ መጠባበቂያ ቅጂውን፣ እላዩ ላይ አስቀምጠውት አገኘሁ። ውሃ ቢፈስ ሁለቱም አብረው ሊሄዱ! ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ እያልኩ በየሄድኩበት እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ።

ጨለማው ክፍል ትዝ ይልሃል? ቀዩን አምፖል አብርተህ ሰዓትህን ትሰጠኝ ነበር። ቴርሞሜትሩ 20 ካለ ፊልሙ መጀመሪያው ፈሳሽ ውስጥ 5 ደቂቃ። ከዚያ ውሃ። ከዚያ ሁለተኛው ፈሳሽ ውስጥ 10 ደቂቃ። ደቂቃ የምትቆጥረው ልጅህ እኔ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ1896፣ ራጅ በተገኘ በሳምንታት ውስጥ፣ ኦቶ ቫልክሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የገዛ ጥርሱን ራጅ ለማንሳት 25 ደቂቃ እንደቆየ የነገርከኝም እዚያው ነው። አሁን ለማሠለጥናቸው እነግራቸዋለሁ። ምስሉ በሰከንዶች ስክሪን ላይ ሲመጣለት «ዘገየ» የሚል ሐኪም አለ። እሱን አንድ ቀን ያ ክፍል ውስጥ ብዘጋበት ደስ ይለኛል።

ዞሬ ዞሬ ወደዚያ ቀን መምጣቴ አይቀርም።

31 ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሠራህበት ክሊኒክ ስካነር ሲገዛ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ይሄን ታውቃለህ። የጥርስ ልክ የተወሰደበት ሊጥ ሳይደርቅ ቶሎ ጄሶ ይሞላበት እያልክ ከጨዋታ የምታስነሳኝ አንተ፣ በሁለት ወር ውስጥ የሚሞላ ነገር አጣህ። «እጄን ሸጥሽው» አልከኝ። በሰው ፊት ነበር ያልከው። እማዬ አንገቷን ስትደፋ አየሁ። አራት ወር ተዘጋጋን። ከዚያ እሷ ስትታመም ምንም እንዳልተባለ ሆነን አብረን አስታመምናት። ይቅር አልተባባልንም እኮ፣ አባዬ። ዝም ነው የተባባልነው።

ያን ቃልህን አሁን ስጽፈው እንኳን ደሜ ይፈላል። ስካነሩን እኔ ባልገጥመው ሌላ ሰው ይገጥመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ዙሪክ ውስጥ በካሜራ ተለክቶ በማሽን የተቀረጸ የሴራሚክ ሙሌት ሰው አፍ ውስጥ ገብቷል። እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም። ይሄን ለራሴ ስነግረው ስንት ዓመት ኖርኩ። ሐሰት አይደለም። ግን ያስቀረሁት አለ።

ማሽኑ ከመግባቱ ሦስት ሳምንት በፊት ዋናው ሐኪም ለብቻዬ ጠራኝ። «አባትሽ በኮምፒውተር መሥራት ይለምድ ይሆን? እናሠልጥነው?» አለኝ። እኔም «ዕድሜው ገፍቷል፤ የሚሆንለት አይመስለኝም» አልኩት።

ይኸው ነው። አንተን አልጠየቅኩህም እንኳን። ምናልባት ስክሪን ፊት ተቀምጠህ ልጅህ ስታስተምርህ ማየት ከብዶኝ ይሆናል። ወይም የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ነበርና እንዳታሳፍረኝ ፈርቼ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ስህተቴን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ዛሬ የማሠለጥናቸው ቴክኒሻኖች ውስጥ አንተ ያኔ ከነበርክበት ዕድሜ የሚበልጡ አሉ። ሁለት ሳምንት ማውሱ ያስቸግራቸዋል። ከዚያ ወጣቶቹን ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ፕሮግራሙ አንድ የተዘጋጀ መንጋጋ ጥርስ ያመጣል። ወጣቱ እንደመጣ ተቀብሎ ወደ ማሽኑ ይልከዋል። በሰም ሲቀርጽ የኖረው ሰው ግን ትክ ብሎ ያየውና «ይሄ ከላይኛው ጋር ይጋጫል፤ ምግብም ይይዛል» ይላል። መሃሉን ትንሽ ያጎደጉደዋል። ጎኑን ይሞላዋል። ራሱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል፣ ልክ እንዳንተ። እኔ ሆድ ይብሰኛል። ሰበብ ፈልጌ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

የማውቀውን ያወቅኩት ካንተ ነው፤ አመሰግንሃለሁ። ይሄን ማስረዘም አልችልበትም፤ አንተም አትወድም።

አሁን ስለ እጅህ። በሩን ለመክፈት ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ብሎህ እህቴ አይታሃለች። እንዳላየ ሆና በጓሮ ዞራ ገባች። ባለፈው ስመጣም ቀኝ እጅህን ከኪስህ አላወጣህም፤ ፎቶ ስንነሳ እንኳን። በረደኝ አልክ። ብርድ አልነበረም፣ አባዬ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስም አላወጣለትም። እጅ በብዙ ምክንያት ይንቀጠቀጣል፤ በመድኃኒት የሚቀልለውም አለ። ግን አንተ፣ በሰው ጥርስ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት የማታልፈው ሰውዬ፣ ይሄን እንዴት ዝም ብለህ አለፍከው?

የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ይዘንልሃል። ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ወረቀቱ እህቴ ጋ አለ። በእሷ አትቆጣ፣ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው ይዘህ ሂድ፤ አንዳንድ መድኃኒት ራሱ እጅ ያንቀጠቅጣል። እኔ ረቡዕ ማታ እደርሳለሁ። ሐኪሙ እጅህን ዘርጋ ሲልህ ዘርጋለት።

ከላይ ስለጻፍኩት ነገር ስንገናኝ ብትቆጣ ተቆጣ። ዝም ግን አትበለኝ።

ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ። አንድ 36፣ የታችኛው የግራ መንጋጋ፣ አስቸግሮኛል፤ ሁለት ጊዜ ሠርቼው ሁለቱንም ጊዜ ታካሚዋ «ይነካኛል» አለች። ማውሱን እኔ እይዛለሁ። አንተ የቱ ጋ እንደሚጎደጎድ ትነግረኛለህ።

ልጅህ

እስክመጣ ድረስ ጓዳ ያለውን የአልኮል መብራት አታብራው። በዚያ እጅ ሰም ማቅለጥ ይቅርብህ። ክብሪቱን ደብቂበት ብያታለሁ። ረቡዕ የሚመጣልህ ቀፎ ውስጥ ያለው 81 ብቻ ነው።