የቃጃሮችን ዘመን በነገሥታቱ ብቻ አትለኩት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የታሪክ ገጻችሁን አዘውትሬ ነው የማነበው። ስለ ፋርስ፣ ማለትም ስለ ዛሬዋ ኢራን፣ ስትጽፉ ደግሞ ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ቀደም ብለው ፋርስን የገዙት ሳፋቪዶች ላይ ስትሆኑ ስለ ኢስፋሃን አደባባይ፣ ስለ መስጊዱ፣ ስለ ሐሩ ትተርካላችሁ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1925 የነገሡት ቃጃሮች ላይ ስትደርሱ ግን ታሪኩ በሁለት መስመር ያልቃል፤ ደካማ ነገሥታት፣ የተሸጠ አገር፣ በቃ።

ውሸት ነው አልልም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፋትህ አሊ ሻህ ከሩሲያ ጋር ሁለቴ ተዋግቶ ሁለቴም ተሸነፈ፤ በ1813 እና በ1828 በተፈረሙት ውሎች ካውካሰስ ከእጁ ወጣ። ናስረዲን ሻህ በ1872 የባቡር ሐዲዱን፣ ማዕድኑን፣ ምኑን ቅጡን ባሮን ሮይተር ለተባለ የእንግሊዝ ባለሀብት ፈርሞ ሰጠ፣ ተቃውሞው ሲበረታ በዓመቱ ሰረዘው። ይሄ ሁሉ መጻፍ አለበት። ግን በዚያው ዘመን ጠዋት ተነስቶ ሥራ የገባው ሰውስ?

የብዕር ሳጥን ሠሪውን ውሰዱ። ፋርሶች ቃለምዳን ይሉታል። ወረቀት በሙጫ እየደራረበ ያጠነክራል፣ ያለሰልሳል፣ አበባና ወፍ ይስልበታል፣ ከዚያ በቫርኒሽ ይሸፍነዋል። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ሥዕሉን በደንብ ለማየት ግን ዓይንህን ማስጠጋት አለብህ። ወይም ሺራዝ ያለውን የናሲር አልሙልክ መስጊድ እዩ። ከ1876 እስከ 1888 ነው የተሠራው። ጠዋት ፀሐይ በባለቀለም መስኮቶቹ ሲገባ ምንጣፉ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ይፈሳል፤ ግድግዳውን የሸፈነው ሸክላ ላይ ደግሞ ሮዝ አበባ በሮዝ አበባ ነው። ይህን የሠራ እጅ የውድቀት ዘመን እጅ ነው ብሎ ማን ደፍሮ ይናገራል? እኔ አልችልም።

በጣም የምቆረቆረው ግን ለምንጣፉ ነው።

በ1860ዎቹ የሐር ትል በሽታ ጊላን ገባ። ጊላን በካስፒያን ባሕር ዳር ያለች የሐር አገር ናት፣ ኢራን ለውጭ ገበያ ከምታቀርበው ሁሉ ዋናው ደግሞ ሐር ነበር። ትሉ አለቀ። ገቢውም አብሮ ወደቀ። ያን ጊዜ ነጋዴው፣ በተለይ የታብሪዝ ነጋዴ፣ ሌላ የሚሸጥ ነገር ፍለጋ ምንጣፍ ላይ ዓይኑን ጣለ፤ እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ምንጣፍ በየመንደሩ ለቤት፣ ለጥሎሽ፣ ለአካባቢ ገበያ ይሠራ የነበረ ነው። አውሮፓ ገዢ ሞላ። ዚግለር የተባለ የማንቸስተር ኩባንያ ሱልጣናባድ ላይ፣ ማለትም በዛሬዋ አራክ፣ ሰፈረ። ሱፉን አስነክሮ ለየቤቱ ያድላል፣ ንድፉን ይሰጣል፣ ሲያልቅ ይሰበስባል። የእንግሊዝ ሳሎን እንዲስማማ ብሎ የምንጣፉን ስፋትና ቀለም ሳይቀር አስቀየረ። ከርማን ውስጥም የሻል ገበያ ሲቀዘቅዝ ሻል ይሠሩ የነበሩት እጆች ወደ ምንጣፍ ዞሩ።

እጆቹ የማን ነበሩ? በመንደር የሴቶች ነበሩ። ከተማ ባሉት የሥራ ቤቶች ደግሞ የልጆችም ጭምር። አንዲት ሴት ድሩ ፊት ተቀምጣ ቀለም በቀለም ትቋጥራለች፣ ትቆርጣለች፣ ማጉን አሳልፋ ትመታለች፣ እንደገና ትቋጥራለች። ትልቅ ምንጣፍ ወራት ሲፈጅ አንዳንዴ ዓመትም ያልፈዋል። ስሟ ምንጣፉ ላይ የለም። ለንደን የሚሸጥበትን ዋጋም አታውቅም።

ከአውሮፓ ደግሞ አኒሊን የሚባል የፋብሪካ ቀለም መጣ። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይነከራል። ግን ፀሐይ ሲያየው ይደበዝዛል፣ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ሩናስ ከሚባለው ተክል ሥር የሚወጣው ቀይና ኢንዲጎ ከሚባለው ተክል የሚወጣው ሰማያዊ ግን ስንት ዘመን ይቆያል! የቃጃር መንግሥት ይህን አይቶ አኒሊንን ከልክሏል። ቁጥጥሩ ደካማ ስለነበር ቀለሙ መግባቱን አላቆመም፤ ቢሆንም ያ ደካማ የምንለው ቤተ መንግሥት የአገሩ ሙያ ምኑ ላይ እንደሚጎዳ ገብቶት ነበር።

ሕዝቡስ ዝም አለ? አላለም። ናስረዲን ሻህ በ1890 የትምባሆውን ንግድ በሙሉ ለአንድ እንግሊዛዊ ሲሰጥ ነጋዴው ባዛሩን ዘጋ። በ1891 መጨረሻ ላይ ትምባሆን የሚከለክል ሃይማኖታዊ ትእዛዝ ወጣና አገሩ ማጨስ አቆመ፤ የሻሁ የራሱ እልፍኝ ሴቶች ሳይቀሩ አቆሙ። በወሩ ውሉ ተሰረዘ።

በ1906 ደግሞ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ቴህራን በሚገኘው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን (እንደ ኤምባሲ ያለ ጽሕፈት ቤት) ግቢ ተጠልሎ ሕገ መንግሥት ጠየቀ። እዚያ ውስጥ የሙያ ማህበራቱ በየሙያቸው ድንኳን ተክለው ነበር። ፓርላማው ሲቋቋም ከቴህራን 60 መቀመጫዎች 32ቱ ለእነዚህ ማህበራት ተሰጡ። ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ሕግ አውጪ ሆነ ማለት ነው! ይሄን በአንድም ጽሑፋችሁ አላየሁም።

ሕጉ ግን የማህበር አባል የሆነ ሰው ድምፅ ለመስጠት የራሱ ሱቅ እንዲኖረው ያዝዛል። ሴቶችን ደግሞ ጭራሽ አያስገባም። ስለዚህ አገሪቱ ሐሯን ስታጣ በቋጠሮዋ የደገፈቻት ያቺ የሱልጣናባድ ሴት ከ60ው መቀመጫ አንድም አልነበራትም፣ ድምፅም አልነበራት።

እባካችሁ፣ ወደ ቃጃሮች ስትመለሱ ከሻሁ በፊት ከእሷ ጀምሩ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ