ስለ ኤቼቬሪያ የወጣው ምክር ይታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ በቤት ውስጥ ዕፅዋት ገጽ ላይ ወፍራም ቅጠሎቿ እንደ ጽጌረዳ ክብ ሠርተው ስለሚደረደሩት ተክል፣ ስለ ኤቼቬሪያ፣ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጽሑፉ ተክሏን በየማለዳው ጥቂት ጥቂት ውኃ አጠጧት፣ ቅጠሏንም በመርጫ አርጥቡት ይላል። አብሮት የወጣው ፎቶ ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ ኤቼቬሪያ ያሳያል። ምክሩም ፎቶውም አንባቢን ያሳስታሉ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለው መስኮት ሥር ነው፤ የመስኮቱ ደፍ ደግሞ የኤቼቬሪያዎቼ ነው። ክርን ከጨርቅ ለማመሳሰል እኔ የምሻው ብርሃን ለእነሱም ስለሚስማማ ለዓመታት ጎን ለጎን ኖረናል። ከሁሉም የምወዳት ጀርመን ውስጥ የተዳቀለችውን ፐርል ፎን ኑርንበርግን ነው። ግራጫው፣ ሐምራዊውና ሮዙ አንድ ቅጠል ላይ ሲዋሃዱ የትኛው የት እንደሚያበቃ ለይቶ መናገር ያስቸግራል።

ይህን ቀለም የሚያወጣው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲበረታ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ውኃውም ሲዘገይ ቅጠሉ አንቶሲያኒን የሚባል ቀይ ቀለም ያመርታል፤ ተክሏ ራሷን ከኃይለኛ ብርሃን የምትከላከልበት ነው። ብርሃን ሲያንሳት ቀይነቷ ይጠፋል፣ ግንዷም ይመዘዛል፣ ተጠጋግተው የነበሩት ቅጠሎች ይራራቃሉ። የተመዘዘ ግንድ ተመልሶ አያጥርም። ያም ሆኖ ጥላ የለመደችውን በአንድ ጊዜ ቀትር ፀሐይ ላይ ማውጣት ቅጠሏን ያቃጥለዋል፤ ቀስ በቀስ ትልመድ።

ወደ ውኃው ልመለስ፤ ጉዳቱ የሚብሰው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኞቹ የኤቼቬሪያ ዝርያዎች የሜክሲኮ ደጋማና ድንጋያማ ቦታዎች ተወላጆች ናቸው። ውኃቸውን በወፍራም ቅጠላቸው ያጠራቅማሉ፤ እንዳይተንባቸውም የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች በዋናነት የሚከፍቱት ሌሊት ነው። እንዲህ ላለ ተክል በየማለዳው ጥቂት ውኃ መስጠት አፈሩን ሁልጊዜ እርጥብ አድርጎ ሥሩን አየር ያሳጣዋል፤ ሥሩም ይበሰብሳል። የሚሻለው፣ ሲያጠጡ ውኃው ከተተከለችበት ዕቃ ታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ በደንብ ማጠጣት፣ ከዚያም አፈሩ እስከ ታች እስኪደርቅ መተው ነው። ቀን አትቁጠሩ፤ የታችኞቹን ቅጠሎች ዳስሱ። ለስለስ ብለው ከተጨማደዱ፣ አፈሩም ደረቅ ከሆነ ጠምቷታል። ቢጫ ሆነው ብርሃን የሚያሳልፉ ከመሰሉና ሲነኩ ከረገፉ ውኃ በዝቶባታል። አፈሩም ግማሽ ያህሉ ሻካራ አሸዋ ወይም ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቢሆን ውኃ አይቋጥርም።

ቅጠሉን በመርጫ ማርጠብ የሚለውን ጨርሶ ተዉት። ቅጠሉ ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ አቧራ አይደለም፤ ተክሏ ራሷ የምታመነጨው፣ ከፀሐይ የሚከላከላት ሰም ነው። በጣት ከተነካ የጣት አሻራ ይቀርበታል፤ ያ ቅጠል እስኪረግፍ ድረስም እንዳለ ይቆያል። መሐል እምብርቷ ላይ የሚቀር ውኃ ደግሞ ለብስባሴ ይዳርጋታል።

ፎቶው ላይ ያለችው የተቀባች ናት። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ያላቸው ኤቼቬሪያዎች አሉ፤ እንደዚያ ያለ ደማቅ ሰማያዊ ግን ከቀለም ቆርቆሮ እንጂ ከተክል አይወጣም። አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ያለችውን በስጦታ አግኝታ አምጥታልኝ ነበር። ቀለሙ በጥፍር ሲነካ እንደ ቅርፊት ይላጣል፤ ከመሐል የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው። ቀለሙ ብርሃን ይከለክላል፣ የቅጠሉንም ቀዳዳ ይደፍናል። ሕያው ነገር ላይ እንዲህ መደረጉ ያሳዝነኛል።

በርካሽ ማባዛት ለሚፈልግ ተክሏ ራሷ ትበቃለች። አንድ ጤነኛ ቅጠል ከግንዱ ጋር ከተያያዘበት ቦታ ሳይቀደድ በቀስታ ተነቅሎ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ቀናት ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ ጋደም ይደረግ። ከሳምንታት በኋላ ከጫፉ እንደ ክር የቀጠኑ ሮዝ ሥሮች፣ አጠገባቸውም ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ ቅጠሎቿ እንደ እናቷ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ትንሽ ተክል ትወጣለች። አሮጌው ቅጠል ያለውን ውኃ ሁሉ ሰጥቷት እስኪደርቅ ድረስ አትለያዩአቸው።

ጋዜጣችሁን አምነው በየማለዳው የሚያጠጡ አንባቢዎች ስላሉ ማረሚያው በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ገጽ ላይ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ፎቶውም ባልተቀባች ኤቼቬሪያ ይተካ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ