የአይሲቲ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ቅጂው እንዳያረጅ

በኮምፒውተር ላባችን ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራ አይቆምም። የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው የፓይተን፣ የድረ ገጽ መሥሪያው የኤችቲኤምኤልና የስርዓተ ክወናው የሊኑክስ መመሪያዎች ቅጂ ሰርቨራችን ላይ (ለላቡ ኮምፒውተሮች ፋይል በሚያቀርበው ኮምፒውተር ላይ) አለ። ይህን ያስቀመጡልን የቀድሞ አባላት ናቸው፤ ምስጋናችን ይድረሳቸው። የ2017 ዓ.ም. ሥራችን ቅጂውን ማደስ ነበር፤ ከማውረዱ ይልቅ የሚከብደውም እሱ ነው።

አንድ የ11ኛ ክፍል አባላችን ለቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ መመዝገቢያ ቅጽ ሠራ። ሰርቨሩ ላይ ያገኘውን የፓይተን 3.10 መመሪያ ተከትሎ በድረ ገጽ ቅጽ የተሞላውን የሚቀበለውን «ሲጂአይ» የተባለ ሞጁል (ከፓይተን ጋር የሚመጣ ዝግጁ ኮድ) ተጠቀመ። ላብ ውስጥ ሠራለት። እቤቱ ፓይተን 3.13 በተጫነበት ላፕቶፕ ግን «እንዲህ ያለ ሞጁል የለም» አለው። ልጁ ጥፋቱን ከራሱ ኮድ ሲፈልግ አመሸ። ለካ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ፓይተን 3.13 ሲወጣ 19 ያረጁ ሞጁሎች ተወግደዋል፤ ሲጂአይ አንዱ ነው። መመሪያ ያላገኘ ተማሪ ሰው ይጠይቃል። ያረጀ መመሪያ ያገኘ ግን አምኖ ይሳሳታል። እኔ ይሄኛው ይብስብኛል።

የፓይተን መመሪያ ከዋናው ድረ ገጽ በዚፕ (ሁሉም በአንድ ፋይል ታጭቆ) ስለሚገኝ ገጽ በገጽ መልቀም አያስፈልግም። እንዲያ መልቀም የሰውን ሰርቨርም ማጨናነቅ ነው። አዲሱን በአሮጌው ላይ አንገለብጥም። ለብቻው ፎልደር ውስጥ እንፈታዋለን፣ ተማሪዎች ሊንኮቹንና መፈለጊያውን ይሞክራሉ፣ ከዚያ ሰርቨሩ ወደ አዲሱ ፎልደር ይዞራል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ አንባቢው የቀድሞውን ሙሉ ቅጂ ያገኛል፤ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ አይሆንበትም።

በዚፕ የማይገኙትን ደብልዩጌት በተባለ የማውረጃ ፕሮግራም እናመጣለን። የፋይሎቹን ቀን አይቶ የተለወጠውን ብቻ ያወርዳል። ችግሩ፣ ከዋናው ድረ ገጽ የተሰረዘ ገጽ እኛ ጋ ሳይሰረዝ መቅረቱ ነው። አርሲንክ የተባለው ሌላ የመቅጃ ፕሮግራም የተሰረዘውን የሚያጠፋ ትእዛዝ አለው፤ በአርሲንክ መቅዳትን የሚፈቅዱት ግን ሁሉም ድረ ገጾች አይደሉም። ስለዚህ እነዚህን በየሴሚስተሩ ከባዶ እናወርዳቸዋለን።

የ3.10ን መመሪያ እናጥፋው ወይስ እናቆየው በሚለው ብዙ ተከራክረናል። የላቡ ኮምፒውተሮች አሁንም በ3.10 ስለሚሠሩ ቆይቷል። ከሁሉም ደስ ያለኝ የአንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ሐሳብ ነው፦ በእያንዳንዱ መግቢያ ገጽ አናት ላይ የቨርዥኑ ቁጥርና ቅጂው የወረደበት ቀን በትልቁ ይጻፍ አለች። ተጽፏል። ጥሩ የክበብ ሥራ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ከሐይቅ አንድ መምህር ሃርድ ዲስክ ይዘው ደሴ ድረስ መጥተው ሁሉንም ገልብጠው ሄደዋል። ከእኛ የተቀዳውም ያረጃልና፣ ባደስን ቁጥር የሚደውልላቸው ተማሪ መድበናል።

ፓይተን 3.14 በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወጥቷል። ትምህርት ገና የሚጀመርበት ሰሞን ስለነበር መመሪያውን የሚያድሱት ተረኞች አስቀድመው ታውቀው ነበር። አዲስ መመዝገብ የምትፈልጉ፣ ክፍል እንደተጀመረ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ላብ ኑ።