ሚስቶቹንም ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አባቶች ሥልጠና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። እኔም የአባቶች ቡድን አወያይ ነኝ፤ ሥራውን እወደዋለሁ። ግን ሥልጠናው ለውጥ ለማምጣቱ «ሠልጣኞቹ ረክተዋል» የሚለው ማስረጃ አልተዋጠልኝም። በመጨረሻው ቀን የሚበተነውን ቅጽ አውቀዋለሁ። ሁሉም «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጎ ውልቅ ይላል። በመሃል የቀሩትንስ ማን ጠየቃቸው? ብዙ የሚያስተምሩን እኮ እነሱ ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ከ5,000 በላይ ያልተጋቡ ጥንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። አንዱ ወገን የግንኙነት ሥልጠና ተሰጠው፣ ሌላው አልተሰጠውም። ከ3 ዓመት በኋላ ሲታይ አብሮ በመቆየትም ሆነ በግንኙነታቸው ጥራት በአማካይ ልዩነት አልተገኘም። ሥልጠናው ከቀረበላቸው ጥንዶች አንድ ጊዜ እንኳ የተገኙት 55 በመቶ ገደማ ናቸው። ማወዳደሪያ ቡድን ባይኖር ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ተስፋ አትቁረጡ ግን። ሩዋንዳ ውስጥ «ባንዴቤሬሆ» የተባለው ፕሮግራም ወጣት አባቶችን ከነሚስቶቻቸው ያሳትፋል። እሱም የተጠናው በዕጣ ነው፤ 1,199 ጥንዶች ነበሩ። ከ21 ወር በኋላ ሚስቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ፣ የባል ጥቃት ከማወዳደሪያው ቡድን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። ባል ስለ ራሱ የሚናገረውማ ያው ነው፤ እኔም ብጠየቅ ራሴን አላማም።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ስትዘግቡ የሥልጠናውን አዘጋጆች ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙልን። ሚስቶቹ ለብቻቸው ተጠይቀዋል ወይ? ከዓመት በኋላስ ተመልሶ የጠየቃቸው አለ?

አንድ የአባቶች ቡድን አወያይ