9.81 የማይወጣበት ቀን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የፊዚክስ ትምህርት የተዳከመው በቤተ ሙከራ መሣሪያ እጥረት ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ያነሱት ችግር እውነት ስለሆነ አልከራከርም። ነገር ግን መሣሪያው በተሟላበት ክፍል ውስጥም የሚጠፋ ነገር አለ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ጠዋት ትምህርት እከታተላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ምርምሬን እሠራለሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የቤተ ሙከራ ዘገባ አርማለሁ።

በዚህ መንፈቀ ዓመት ሠላሳ አንድ የፔንዱለም ዘገባዎች ደረሱኝ። ሙከራው ቀላል ነው። ተማሪው በክር የተንጠለጠለች የብረት ኳስ ያወዛውዛል፤ ሃያ ጊዜ ሄዳ እስክትመለስ የሚፈጅባትን ጊዜ ይለካል፤ ከክሩ ርዝመትና ከጊዜው ተነሥቶ የምድርን ስበት መጠን ያሰላል። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስድስቱ በመማሪያ መጽሐፉ ያለውን ቁጥር፣ 9.81፣ ጽፈዋል። በማስመሪያና በእጅ በሚጫኑት ሰዓት ሃያ ስድስት ሰዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ፣ እስከ ሁለተኛው አሥርዮሽ ድረስ፣ ሊደርሱ አይችሉም። አንዱ ዘገባ ላይ ላጲስ ወረቀቱን አቅጥኖታል፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሣው ከሥሩ 9.6 የሚል ቁጥር ታየኝ።

ተማሪውን ልቆጣው አልቻልኩም፤ እኔም አድርጌዋለሁና። አንደኛ ዓመት ሳለሁ በአንድ ሜትር ክር የሃያውን ምልልስ ጊዜ ስለካ 40.42 ሰከንድ ወጣልኝ። ሳሰላው 9.67 ሆነ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ዘገባውን ማስረከቢያ ሰዓት ሲደርስ 40.42 የሚለውን ፍቄ 40.12 ብዬ ጻፍኩ። መልሱ 9.81 መጣ፣ ሙሉ ውጤት ተሰጠኝ። ቁጥሬ ለምን እንዳነሰ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የሚያሳዝነው ደግሞ 9.81 ራሱ ለሁሉም ቦታ የሚሠራ ቁጥር አለመሆኑ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ የስበቱ መጠን 9.78 ገደማ ነው፤ በዋልታዎቹ 9.83 ይደርሳል። ይህን ልዩነት ከሁሉ ቀድሞ ያስተዋለው ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1672 ካየን በተባለችው የምድር ወገብ አቅራቢያ ከተማ ተቀምጦ ሲለካ፣ ፓሪስ ላይ ልክ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ይቀርበት ጀመር። ሪሼ ሰዓቱ ተበላሽቶ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። እሱ ግን መዝግቦ አመጣው። ኒውተን ያንን መዝገብ ተጠቅሞ ምድር በወገቧ ሰፋ፣ በዋልታዋ ጠፍጠፍ ያለች ናት ብሎ ተከራከረ። ሪሼ የዛሬ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ያ የሁለት ደቂቃ ተኩል ልዩነት በላጲስ ይጠፋ ነበር፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል።

ወደ ምርምሬ ልምጣ። የምሠራው ሙዮን በሚባሉት ቅንጣቶች ላይ ነው። ከሕዋ የሚመጣው ጨረር ከላይኛው የአየር ክፍል ጋር ሲጋጭ ይፈጠራሉ፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በየደቂቃው አንድ ያህል ይወርዳል። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው መዳፍ ውስጥም እያለፉ ነው። ዕድሜያቸው በአማካይ 2.197 ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት እጅ እምብዛም የማይበልጥ ነው። እኔ የምለካው ይህንኑ ዕድሜ ነው። ሙዮኑ ብርሃን በሚያመነጭ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ሲቆም አንድ ብልጭታ ይሰጣል፤ ሲሞት ደግሞ ኤሌክትሮን ይወጣውና ሁለተኛ ብልጭታ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ይመዘገባል። ክፍሉ ጨለማ፣ ሥራው ጸጥ ያለ ነው፤ መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ይቆጥራል።

ከሦስት ሳምንት ቆጠራ በኋላ ያገኘሁት 2.12 ነበር፤ የስህተት ወሰኑ 0.03። እንደ ድሮው ደነገጥሁ። ግራፉን ስመለከት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ነጥቦች ብቆርጥ ቁጥሩ ከፍ እንደሚል አየሁ። «መጀመሪያ ላይ መሣሪያው አይታመንም» የሚል ሰበብም ነበረኝ፤ የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም። ሁለት ሌሊት ከዚያ ግራፍ ጋር አደርሁ። በሦስተኛው ቀን ግራፉን ይዤ ወደ አማካሪዬ ሄድኩ፤ ነጥቦቹን ሳልቆርጥ። እሳቸው ቁጥሩን አይተው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሙዮኖቹ የቆሙት ምን ውስጥ ነው?»

መልሱ እዚያ ነበር። ፕላስቲኩ በካርቦን የተሞላ ነው። ሙዮኖች ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው፤ ፖዘቲቩ ዕድሜውን ጨርሶ ይሞታል። ኔጋቲቩ ግን ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ ያህል የሚከብድ ስለሆነ፣ በካርቦኑ ኒውክለስ፣ ማለትም በአቶሙ እምብርት፣ ተስቦ እጅግ ተጠግቶት ይዞራል፤ አንዳንዱን ኒውክለሱ ይውጠዋል። ስለዚህ በካርቦን ውስጥ አማካይ ዕድሜው ወደ 2.03 ይወርዳል። ሁለቱ ዓይነት ተደባልቀው ሲለኩ 2.1 አካባቢ መምጣቱ ግድ ነው። ስህተት የመሰለኝ ቁጥር ተፈጥሮ ራሷ የሰጠችኝ መልስ ነበር።

በዚሁ ልዩነት ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩ ሰዎች አሉ። ኮንቨርሲ እና ፒቾኒ የተባሉ ጣሊያናውያን ሮም ላይ የቦምብ ድብደባ ሲወርድ መሣሪያቸውን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት አዛወሩ። በኋላም ከተቀላቀላቸው ከፓንቺኒ ጋር ሆነው፣ ኔጋቲቮቹ ቅንጣቶች ብረት ውስጥ ሲዋጡ፣ ካርቦን ውስጥ ግን ብዙዎቹ ሳይዋጡ እንደሚሞቱ አገኙ። ይህ በጊዜው የሚጠበቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ውጤታቸው፣ ሙዮን ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዩካዋ በ1935 ኒውክለስን አጣብቆ ይይዛል ብሎ የተነበየው ቅንጣት አለመሆኑን አሳየ። ያልተጠበቀውን ቁጥር ይዘው አደባባይ ወጡ።

በክፍል የምማራቸው ኮርሶች፣ ኳንተም መካኒክስም ሆነ ስታቲስቲካል ፊዚክስ፣ ለዚህ አያዘጋጁንም። እወዳቸዋለሁ፤ ያለ እነሱም ምርምሬን አልገባውም። ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ከመጽሐፉ ጀርባ መልስ አለው፤ መልስህ ከጀርባው ጋር ካልገጠመ የተሳሳትከው አንተ ነህ። አራት ዓመት እንዲህ የሠለጠነ እጅ ላጲስ ቢያነሣ አይገርምም።

እኔን ከዚህ ያዳነኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጊታር ነው። ከትምህርት ውጪ የምወደው ነገር እሱ ነው። ወላጆቼም አስተማሪዎቼም ጊዜዬን እንደሚበላ ሲነግሩኝ ኖረዋል። አንድ ቀን በ110 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 110 ጊዜ እንዲርገበገብ፣ የተቃኘውን ጅማት በመካከሉ፣ አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ተጭኜ በስልኬ ለካሁት። ጅማቱ በግማሽ ሲያጥር ድምፁ እጥፍ፣ 220 ሊሆን ይገባል። ስልኩ 222 አለ። መጀመሪያ ስልኩን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ጅማቱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። 220 ብዬ ልጽፍ ግን አልዳዳኝም፤ ማንም ማርክ አይሰጠኝማ፣ ጆሮዬም አይቀበለኝም። ጣቴ ጅማቱን ወደ እንጨቱ ሲጫነው ስለሚወጥረው ድምፁ እንደሚቀጥን የገባኝ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሁልጊዜ የማየው ነገር ትርጉም ሰጠኝ፤ ጅማቶቹ የሚያርፉባት ነጭ አጥንት ዘንበል ብላ የተተከለችው፣ ሠሪው ለእያንዳንዱ ጅማት ርዝመት ትንሽ ጨምሮ ይህን ልዩነት ለማካካስ ነው።

ስለዚህ ለመምህራን የማቀርበው ልመና ይህ ነው። የቤተ ሙከራ መዝገብ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይጥፋ። ተማሪው ከማስረከቡ በፊት «ትክክለኛው መልስ» አይነገረው። ከውጤቱ ግማሹ ደግሞ ቁጥሩ ለምን እንደራቀ ለፈለገበት ጥረት ይሁን። መሣሪያ መግዛት አይጠይቅም። እንዲህ ቢደረግ ብዙ ተማሪ 9.5 እና 10.1 ይዞ ይመጣል፤ ማረሙም ይረዝማል። እኔ ግን ከሃያ ስድስት ተመሳሳይ ወረቀቶች ይልቅ እሱን ማረም እመርጣለሁ።

ከእነዚያ ሠላሳ አንድ ዘገባዎች አንዱ 9.67 ይላል። ከሥሩ ተማሪዋ «ለምን እንዳነሰ አላወቅሁም» ብላ ጽፋለች። ወረቀቱን ውጤት ሳልሰጥ ይዤላት ወደ ቤተ ሙከራ ወረድን። ያንኑ ክር፣ ያችኑ ኳስ ሰቀለች። «እንዴት ነበር የለካሽው?» አልኳት። ማስመሪያውን ከላይ ይዛ እስከ ቋጠሮው አወረደችው፤ አንድ ሜትር። ከዚያ እጇ እዚያው ቆመ። ኳሷን ትንሽ አየቻት፣ ማስመሪያውን ወደ ኳሷ ወገብ ዝቅ አደረገችው፣ «የሚወዛወዘው እኮ እስከዚህ ነው» አለች። አንድ ነጥብ አምስት ሴንቲ ሜትር። እሷ ስሌቱን እንደገና ልትሠራ ስትቀመጥ፣ እኔ ከዓመታት በፊት የፋቅሁት 40.42 ልክ እንደነበረ ገባኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ