ካርቶኑ እኔ ጋ ነው

ሲያትል፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ በረኛው፣

«እንደምን ከረምክ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለሰባት ዓመት «ከረምክ» አይባልም ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ስትደውል ስምህን ስክሪኑ ላይ እያየሁ ያላነሳሁበት ጊዜ አለ፣ ያውም አንዴ አይደለም። ምክንያቱን ታውቃለህ፤ ካላወቅክም አናቱ ላይ ጽፌልሃለሁ። ይቅርታ። ስድቡን አጠራቅመህ በስልክ ትለቅብኛለህ፣ አሁን ግን ጉዳይ ስላለኝ አስጨርሰኝ።

የአባትህ፣ የጋሼ የፎቶ ኔጋቲቮች አልጠፉም። በተዝካራቸው ማግስት ከእናትህ ከእትዬ እጅ ተቀብዬ «ለፋሲካ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ እልካለሁ» ብዬ የማልኩበት ያ የብስኩት ካርቶን፣ በሲባጎ እንደታሰረ እኔ ጋ ነው። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልተናገርኩም ብዬ ልከራከርህ እችል ነበር፤ ፊት ግን የለኝም።

ሁሉንም ልናዘዝ። ካርቶኑ ዓመታትን ያሳለፈው ጋራዥ ውስጥ፣ ከበረዶ ጎማዎቹ ሥር ነው። ባለፈው መጋቢት ጎማዎቹን ልመልስ ስገባ አቼቶ ሸተተኝ። የሰላጣ አቼቶ፣ እሱው ራሱ። ጠርሙስ ተሰብሮ ይሆናል ብዬ ወለሉን ሳስስ ቆየሁና አፍንጫዬ ወደ ካርቶኑ መራኝ። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰለህ? ጎማዎቹን መልሼ ደረደርኩበትና በሩን ዘጋሁ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ። እስከ ነሐሴ ዝም አልኩ።

ነሐሴ ላይ ሁለት ደንበኞች ስኖኳልሚ የሚባል ፏፏቴ አድርሰን አሉኝ። ከሲያትል ወደ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እነሱ ውሃውን ሲያዩ እኔ ቡና ልጠጣ አንድ ቤት ገባሁ፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ ግንድ የሚንሳፈፍበት ኩሬ፣ ከኋላ የተጨፈጨፈ ተራራ፣ ከፊት ደግሞ አንድ ዓይነት የሆኑ የሠራተኛ ቤቶች በረድፍ። በረኛው ሙት፣ ወንጂ ነው ያልኩት! ቡናዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ግንዱን በአገዳ፣ ተራራውን በሜዳ ብትተካው ሰፈራችን ነው። ያ መንደር የበቀለው በእነሱ አቆጣጠር በ1917፣ ጫካ መሐል የእንጨት መሰንጠቂያ ሲተከል ነው። ቤቱም ሆስፒታሉም ከፋብሪካው ጋር መጣ። በ1958 ደግሞ ቤቶቹን ነቅለው ወንዝ አሻገሯቸው፤ ፋብሪካውም በ2003 ተዘጋ። ዛሬ ጭስ ማውጫው ብቻውን ቆሟል። የኛም እኮ ሁለቱ የድሮ ፋብሪካዎች ተዘግተው ሥራው ወደ ዶዶታ ሄዷል አይደል፤ አንተ እዚያው ስላለህ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

እነዚያን የጫካ ካምፖችና መሰንጠቂያዎች ሲያነሳ የኖረ ክላርክ ኪንሲ የሚባል ሰው ነበር። ማታ ስለሱ ሳነብ ወደ ታላቅ ወንድሙ ወደ ዳሪየስ ተሻገርኩ፤ እሱም እንጨት ቆራጮችን ሲያነሳ የኖረ ነው። ዳሪየስ ጫካ ውስጥ ያነሳውን ወደ ቤት ይልካል፤ ሚስቱ ታቢታ አጥባና አትማ ትመልስለታለች፣ እሱም ለቆራጮቹ ይሸጣል። ሃምሳ ዓመት ገደማ እንዲህ ሠርቶ በ1940 ከአንድ ጉቶ ላይ ወደቀና በዚያው ካሜራውን አስቀመጠ። ጫካውን ያየው እሱ ነው፤ ፎቶው ግን ከሷ እጅ ነው የሚወጣው። የሚታወቀው ደግሞ በሱ ስም ነው።

ይኼን ሳነብ የእትዬ ጥፍር ትዝ አለኝ። የሴቱ ሁሉ እጅ እንሶስላ ሲሆን የሳቸው ብቻ ከመድኃኒቱ የተነሳ ቡናማ ነበር። ያቺ ቀይ አምፖል፣ ያ ጥቁር ብርድ ልብስ የተጋረደበት በር፣ «በሩን የከፈተ ዛሬ ያየኛል!» ጋሼ ፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት ወንበር አውጥተው ከደንበኛ ሲጫወቱ እሳቸው ጓዳ ውስጥ ናቸው። አገዳ ሲቃጠል ደግሞ ጥላሸቱ እንደ ጥቁር ላባ ከሰማይ ይወርድና፣ ሴቱ ሁሉ ልብሱን ከገመድ ሊያነሳ ሲሮጥ እሳቸው የሚሮጡት ለሚደርቀው ፎቶ ነበር።

ሌሊቱን ተነሥቼ ካርቶኑን ፈታሁት።

340 ያህል ኔጋቲቭ ነው። ከላይ ያሉት ደህና ናቸው። ከሥር ያሉት ተጠቅልለዋል፤ ሰባቱ ላይ ምስሉ እንደ አሮጊት ቆዳ ተጨማዷል። የድሮ ካሜራ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ጥቂቱን ይዤ ሄድኩ። የፊልሙ ላስቲክ ራሱ ነው የሚበሰብሰው አለኝ፤ ሲበሰብስ አቼቶ ይተፋል፣ የተፋው አቼቶ ደግሞ ጎረቤቱን ያስይዛል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል፣ ብርድ ያዘገየዋል፣ መዳን ግን የለም። ስለዚህ የታመሙትን ከጤነኞቹ ለይቼ በፕላስቲክ አሽጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። የጋሼ ወንጂ አሁን ከበርበሬና ከንጥር ቅቤ ጎን ነው ያለው። ባለቤቴ «ሰው ሥጋ ያስገባል፣ አንተ ሬሳ» ብላ ሦስት ቀን አኩርፋኝ ነበር። አሁን ማታ ማታ እሷው ናት ስካነሩ ላይ የምታስቀምጥልኝ፤ የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ስኳር ይዞኛል። የወንጂ ልጅ በስኳር ሲያዝ፣ በል ሳቅ።

አብዛኛው የደመወዝ ቀን ጉርድ ነው። ከከምባታ፣ ከሀድያ፣ ከወላይታ መጥተው አገዳ የሚቆርጡ ልጆች፣ «ደህና ነኝ» ብለው ወደ አገር ቤት የሚልኩት ፎቶ። ኮቱስ? ያን ኮት አስታወስከው? ደረቱ ላይ ሰፋ የሚለው፣ ጋሼ ግድግዳው ላይ ሰቅለው ለመጣው ሁሉ የሚያለብሱት። እስካሁን 61 ሰው ለብሶት አግኝቻለሁ። አንዱ ላይ እጅጌው ጣት ይውጣል፣ አንዱ ላይ አምባር እስኪታይ ያጥራል። ጉርዶቹ ላይ ቀን ስላልተጻፈ የማስቀድማቸውን የማስከትላቸውን የማውቀው በቁልፉ ነው፦ መጀመሪያ ሦስት ነበር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ። ጥርስ ያሳየ የወንጂ ልጅ ደግሞ የለም። አዲስ መጤዎቹ ብቻ ይስቃሉ፤ የወንጂን የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ልጅ እንደኔና እንዳንተ ከንፈሩን ይገጥማል። እዚህ አንዷ የጥርስ ሐኪም ፍሎራይድ ነው ብላ አፌን በስልኳ አንስታ ለሌሎቹ አሳየች። አንተ አፍህን ከፍተህ መሳቅ ጀመርክ ወይስ እንደ በቅሎ በአፍንጫህ ነህ?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ፤ እየሸሸሁት እንደሆነ ገብቶሃል።

ከካርቶኑ ሥር ለብቻቸው የተቀመጡ የወረቀት ፖስታዎች ነበሩ። በጋሼ ጽሕፈት «ገና 47»፣ «ገና 48» እያለ እስከ «ገና 66» ይሄዳል፤ ሦስት ዓመት ብቻ ይጎድላል። ሁሉም የተነሱት ከአንድ ቦታ ነው፣ ከቦዩ ዳር ወደ ፋብሪካው። ሆላንዶቹ በኛ አቆጣጠር በ1946 ሥራ ያስጀመሩት ፋብሪካ በ47ቱ ላይ ከነጭሱ ባዶ ሜዳ ላይ ተገትሯል፤ ዙሪያውን የሣር ጎጆና የተቆለለ ቆርቆሮ ነው። 50ው ላይ ቤቶቹ በረድፍ ቆመዋል፣ ከፊታቸው በእሾህ የታጠሩ ችግኞች። 53ቱ ላይ የጎል ብረት ይታያል፤ አንተ ገና ሳትወለድ ጎሉ ይጠብቅህ ነበር። 55ቱ ላይ ከሩቅ ሌላ ጭስ አለ፣ ሸዋ ፋብሪካ ነው። ከዚያ ወዲያ ዛፎቹ ያድጋሉ፣ ሰው ይበዛል፤ 61ዱ ላይ ዛፉ የጭስ ማውጫውን ግማሽ ጋርዶታል። ስክሪኑ ላይ ደርድሬ በፍጥነት ሳገላብጣቸው ከተማው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። «ማን አነሳው?» አለችኝ። «የጓደኛዬ አባት» አልኳት፤ ኮርቼ።

ቆይታ «ታዲያ ይቺ ሴት ማን ናት?» አለች።

ጥላ ነው። የገና ጧት ፀሐይ ከኋላ ሆና ያንሺውን ጥላ ሣሩ ላይ ዘርግታዋለች። ከ17ቱ 11ዱ ላይ አለ። እኔ ስንቴ አይቼው አላየሁትም። ጋሼ ከነባርኔጣቸው እንደሚተኙ እንቀልድ አልነበር? ይኼ ጥላ ባርኔጣ የለውም። ሻሽ ነው፣ ቋጠሮው ከኋላ ይታያል፤ ቀሚሱ ወደ ታች ሰፍቷል። ከላይ በሚታየው በዚያ ባለ ሁለት ዓይን ካሜራ ለማንሳት ራስ ይደፋል፣ ክርን ወደ ጎን ይከፈታል፤ ልክ እንደዚያ። ደግሞ እነዚህ የገና ፊልሞች ሁሉ ጠርዛቸው ላይ በመቀስ የተቆረጠች ትንሽ ምልክት አለች። ጉርዶቹ ላይ የለችም።

60ው ላይ ደግሞ ከትልቁ ጥላ ጎን ቀሚስ የያዘ ትንሽ ጥላ አለ። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጆሮው!

አየህ፣ ጋሼን ከወንበራቸው ላወርዳቸው አይደለም። እኔንም ካሜራ ያስያዙኝ፣ ከአባቴ ዱላ ያስጣሉኝ እሳቸው ናቸው። ምናልባት እሳቸው «እዚህ ቁሚ» ብለው አቁመዋቸው ይሆናል። ምናልባት በገና ሰሞን ፎቶ ቤቱ በደንበኛ ስለሚጨናነቅ እትዬ ብቻቸውን ወጥተው ይሆናል። አላውቅም፣ የሚያውቁት እትዬ ብቻ ናቸው። እኔ የፎቶ ቤቱን ማኅተም እያየሁ የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ «የአያታችን ፎቶ» ሲሉ ስሰማ፣ አያት ሁለት መሆናቸውን ማንም አላሰበም ብዬ ነው። አንተ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ? እኔ ቤታችሁ ስበላ ኖሬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

አሁን ያቺን ልንገርህ። የ52ቱን አበላሽቻታለሁ። ከሁሉም ጥርት ያለችው ነበረች፤ ቦዩ ውስጥ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉባት፣ አንዷ ቀና ብላ ወደ ካሜራው ስትስቅ። ጥላሸት አየሁባትና ላጸዳ ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከቧንቧ ሥር ያዝኳት። ምስሉ ከላስቲኩ ተላቆ እንደ ወተት ስልባቦት ተንሸራተተና በጣቶቼ መሐል ወረደ። ስካን አላደረግኳትም ነበር። ላስቲኩን አልጣልኩትም፣ ባዶውን ፖስታው ውስጥ መልሼዋለሁ። እንዲህ ያለውን በስልክ ለመናገር ድፍረት አጣሁ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤ የሆነው።

የምለምንህ ይኼን ነው። ፎቶዎቹን በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ለእትዬ በስልክ አታሳያቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ አዳማ ወስደህ በትልቁ አሳትምልኝ፣ ገንዘቡን እልካለሁ። (ከ12 ብሯ ጋር፤ አልረሳኋትም።) ቡና ሲፈላ፣ ጎረቤት ሳይሞላ፣ አንድ በአንድ እያስያዝክ ጠይቃቸው። ማን ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቤት የማን እንደነበር፣ ያቺ በመቀስ የተቆረጠች ምልክት ምን እንደሆነች። አንተ አትናገር፣ አታርም፣ «እማዬ ተሳሳትሽ» አትበል፤ ስልክህን አጠገባቸው አስቀምጠህ ድምፃቸውን ቅዳ ብቻ። ጥላውን መጨረሻ ላይ አሳያቸውና ዝም በል። ዝም ማለት እንደማይሆንልህ አውቃለሁ፣ ሞክር።

የ52ቱን ከጠየቁህ... እንዳመጣልህ ንገራቸው። ወይም ለኔ ተወው፣ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አይ፣ አንተ ንገርልኝ።

ኔጋቲቮቹን በፖስታ አልልክም፣ መንገድ ላይ ሙቀት ያገኛቸዋል። ለፋሲካ ራሴ በእጄ ይዤ እመጣለሁ። የትኛው ፋሲካ እንዳትለኝ፣ የመጪው፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ።

ለመሆኑ ያ ኮት የት ገባ? እትዬ ጣሉት እንዳትለኝ።

ያንተው፣
አገዳ ሌባው