ቀኑን ቀን አይደለም ያለ ምክር ቤት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ለዓመታት የማነብ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምኖር ሰው ነኝ። ስለ አሜሪካ ፖለቲካ የምታወጡትን ሁሉ እከታተላለሁ። ዛሬ የምጽፈው ቅር ስላለኝ ነው። ዜናው ሁሉ ፕሬዝዳንቱ ናቸው። ፕሬዝዳንቱ ፈረሙ፣ ፕሬዝዳንቱ አገዱ፣ ፕሬዝዳንቱ ሻሩ። ኮንግረስ የት ሄዶ ነው የሚል ጥያቄ ግን አላይም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የዚህ አገር ሰነድ የሚገኘው በዚያ ነው።)

በቡና ልጀምር። አንድ ወዳጄ ትንሽ የቡና ንግድ አለው። ከይርጋጨፌና ከጉጂ ጥሬ ቡና ያስመጣል፣ ራሱ ይቆላል፣ ለሱቆችና ለሚያውቁት ሰዎች ይሸጣል። በ2025 ሜይ ላይ ሱቁ ቁጭ ብለን ስንጫወት ከጉምሩክ የመጣለትን ወረቀት አሳየኝ። ጥሬ ቡና አሜሪካ ሲገባ ቀረጡ ዜሮ ነበር። አሁን ከዜሮው ሥር አንድ አዲስ መስመር ተጨምሯል፦ 10 በመቶ። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ "ይሄን ማን ነው ያወጣው?" አለኝ። ትራምፕ ናቸው አልኩት። "እሱንማ አውቃለሁ፣ ማን ፈቀደላቸው ነው የምልህ" አለ።

ይቺ ጥያቄ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው አንቀጽ ቀረጥ የመጣል ሥልጣንን የሚሰጠው ለኮንግረስ ነው። ግልጽ ብሎ ተጽፏል። ያ 10 በመቶ ግን በኤፕሪል 2025 በፕሬዝዳንቱ ትዕዛዝ መጣ፣ በኖቬምበር ደግሞ ቡና በሌላ ትዕዛዝ ነፃ ወጣ። ሲመጣም በአንድ ፊርማ፣ ሲሄድም በአንድ ፊርማ። አሜሪካ ከሃዋይና ከፖርቶ ሪኮ በቀር ይህ ነው የሚባል ቡና አይበቅልባትም፣ እና በቀረጡ የሚጠበቅ የአገር ውስጥ ገበሬ ፍለጋ ብዙ ርቀት መሄድ አያስፈልግም። አንድ የምክር ቤት ኮሚቴ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ሁለት ነጋዴ ጠርቶ ቢጠይቅ ኖሮ ቡና ገና ከመነሻው ከዝርዝሩ ይወጣ ነበር። ማንም አልጠየቀም፣ ምክንያቱም ነገሩ በኮሚቴ አላለፈም።

ፕሬዝዳንቱ የተጠቀሙበት ሕግ በ1977 የወጣ ነው። ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ካወጁ በኋላ ከውጭ ጋር የሚደረግ የገንዘብና የንግድ ግንኙነትን እንዲቆጣጠሩ ይፈቅዳል። ቀረጥ የሚለው ቃል ሕጉ ውስጥ የለም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲሄድ ክስ ካቀረቡት አንዱ ኒው ዮርክ ያለ ትንሽ የወይን ጠጅ አስመጪ ድርጅት ነበር። አስቡት እስቲ። የኮንግረስን ሥልጣን ለማስከበር ጠበቃ ይዞ የተሟገተው ወይን ሻጭ ነው። ባለቤቱ ኮንግረስ ዳር ቆሞ ያያል።

ዳር ቆሞ ቢያይስ ባልከፋ። በማርች 2025 የሆነውን ስንቶቻችን ሰምተናል? በ1976 የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ እንዲህ ይላል፦ አንድ የምክር ቤት አባል አዋጁ ይነሳ ብሎ ሐሳብ ካቀረበ፣ ኮሚቴው በ15 ቀን ውስጥ ወደ ሙሉ ጉባኤው ማምጣት አለበት፣ ከዚያም ድምፅ ይሰጥበታል። ማንም ሊያፍነው አይችልም። የተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ ድምፅ የያዙት ሪፐብሊካኖች ግን መውጫ አገኙ። በጊዜያዊው በጀት ላይ በሚደረገው ክርክር የአካሄድ ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሸጎጡ። በሜክሲኮና በካናዳ ላይ ለተጣለው ቀረጥ መነሻ የሆነውን የፌብሩዋሪ 1 አዋጅ በሚመለከት፣ የዚያ የሥራ ዘመን ቀሪ ቀናት በሙሉ እንደ ቀን አይቆጠሩም አሉ። ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ቀን ግን አይቆጠርም። ቀኑ ካልተቆጠረ 15 ቀን አይሞላም፣ 15 ቀን ካልሞላ ድምፅ አይሰጥም።

ይህን ሳነብ ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ቀረጡን የደገፉ አሉ፣ የተቃወሙም አሉ፣ እሱ መብታቸው ነው። ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። ድምፅ ሲሰጥ ስም ይመዘገባል። እገሌ ደገፈ፣ እገሌ ተቃወመ ተብሎ ይጻፋል፣ መራጩ ሄዶ ያየዋል። እነሱ የሸሹት ይህችን መዝገብ ነው። ሴኔቱ ኤፕሪል 2 ቀን በካናዳው አዋጅ ላይ ድምፅ ሰጥቶ 51 ለ48 ይነሳ ብሏል፣ የእነዚያን ስም አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። የተወካዮች ምክር ቤቱ ግን በዚያ ዓመት ያንን ውሳኔ ሳያነሳው ቀረ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር በትራምፕ አልተጀመረም። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ፕሬዝዳንት ባይደን በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ምክንያት ትዕዛዝ 14046ን ፈረሙ። የኢትዮጵያ ጉዳይ የአሜሪካ ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ ተባለ። ያኔ ከመካከላችን የተደሰተም ነበር፣ የተቆጣም ነበር። በዚያው ዓመት ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ባንዲራ ይዘን የጮህነውን ታስታውሳላችሁ። የጮህነው ለአንድ ሰው ነው፣ ለባይደን። ኮንግረስ ያለበት ሕንፃ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። አዋጁ ግን በ2023 ታደሰ፣ በ2024ም ታደሰ። እድሳቱ አጭር ማስታወቂያ ነው፣ ፕሬዝዳንቱ ይፈርሙበታል፣ አለቀ። ሕጉ ደግሞ ሁለቱም ምክር ቤቶች በየስድስት ወሩ ተሰብስበው አዋጁ ይነሳ ወይስ ይቀጥል ብለው እንዲመክሩ ያዛል። በኢትዮጵያው አዋጅ ላይ ተሰብስበው ድምፅ ሲሰጡበት አላየሁም። በሌሎቹም ላይ ለአሥርት ዓመታት ይህን አንቀጽ ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። ፕሬዝዳንት ካርተር በ1979 በኢራን ላይ ያወጁት የአስቸኳይ ጊዜ እስከ ዛሬ በየዓመቱ እየታደሰ ይኖራል። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው ሕግ፣ የአጎዋም ነገር ያው ነው። ኮንግረስ በ2000 ሕጉን ሲያወጣ የትኛው አገር ይግባ፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን ለፕሬዝዳንቱ ተወው። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ወጣች። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሲሰፉ የነበሩት ወጣት ሴቶች ዕጣ ሲወሰን አንድም የኮንግረስ አባል እጁን ማውጣት አላስፈለገውም። ውሳኔው ትክክል ነበር የሚል አንባቢ ይኖራል፣ አከብረዋለሁ። ግን ማንን ነው የምንጠይቀው?

አንድ ነገር ላወዳድር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲወጣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቅረብለት ይላል። ካላጸደቀው ይሻራል። ቢጸድቅም የሚቆየው እስከ ስድስት ወር ነው፣ ለማራዘም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ አሁን የማወራው ስለ ጽሑፉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግልባጩ ነው። አዋጁ ያለ ማንም ፈቃድ ይቆማል፣ ለማፍረስ ግን ኮንግረስ መነሳት አለበት፣ ከተነሳም ፕሬዝዳንቱ በቬቶ ይመልሱታል፣ ያንን ለመሻር በሁለቱም ቤት ሁለት ሦስተኛ ይጠየቃል። በ2019 በሜክሲኮ ድንበር አጥር ጉዳይ ሁለቱም ምክር ቤቶች አዋጁ ይነሳ አሉ፣ ሴኔቱ 59 ለ41 ነበር፣ 12 ሪፐብሊካኖች ከፓርቲያቸው ተለይተው ድምፅ ሰጡ። ትራምፕ በቬቶ መለሱት፣ ሁለት ሦስተኛ አልሞላም፣ አጥሩ ቀጠለ።

ሕጉ ሲወጣ እንዲህ አልነበረም። ኮንግረስ ያለ ፕሬዝዳንቱ ፊርማ አዋጅ ማንሳት ይችል ነበር። ይህ የተለወጠው በ1983 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፣ መነሻውም ኬንያ ተወልዶ ለትምህርት አሜሪካ የመጣ፣ ቻዳ የሚባል ሰው የመባረር ጉዳይ ነበር። ፍርድ ቤቱ ያለ ፕሬዝዳንቱ ፊርማ የሚደረግ የምክር ቤት ውሳኔ አይጸናም ብሎ ለእሱ ፈረደለት፣ ጥሩ አደረገ። ግን በዚያው ኮንግረስ አንድ ልጓም አጣ። በምትኩ ሌላ ልጓም ማበጀት ይችል ነበር፣ ለምሳሌ አዋጁ በ30 ቀን ውስጥ በድምፅ ካልጸደቀ በራሱ ይውደቅ የሚል። ሐሳቡ በተደጋጋሚ ቀርቧል፣ ከሁለቱም ፓርቲ ደጋፊ አለው። እስካሁን ሕግ አልሆነም።

ኮንግረስ ቀርፋፋ ነው፣ ተከፋፍሏል፣ ፕሬዝዳንቱ ባይሠሩ ማን ሊሠራ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ቀርፋፋ መሆኑ እውነት ነው። ያለ ወረቀት በልጅነታቸው የመጡ ወጣቶችን ሕጋዊ ለማድረግ የቀረበው ረቂቅ ከ2001 ጀምሮ ሲንከባለል ኖሯል፣ በ2012 ፕሬዝዳንት ኦባማ በራሳቸው መመሪያ ዳካን፣ ልጆቹን ለጊዜው ከመባረር የሚጠብቀውን ፈቃድ፣ አመጡ። እኔም ያን ቀን ደስ ብሎኛል። ግን በትዕዛዝ የመጣ በትዕዛዝ ይሄዳል፣ ልጆቹም ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው። ሠላሳዎቹን ያለፉ አሉ፣ ዛሬም በየሁለት ዓመቱ የፈቃድ ማደሻ ፎርም ይሞላሉ።

ኮንግረስ አይችልም የሚለውንም አልቀበልም። በ1973 የኒክሰንን ቬቶ ሽሮ የጦርነት ሥልጣን ሕግን አወጣ። በ1974 ደግሞ ኒክሰን የተመደበ በጀት አልለቅም እያሉ ሲያስቸግሩ፣ ፕሬዝዳንት በኮንግረስ የተመደበ ገንዘብን በራሱ ፈቃድ እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። ያ ሕግ ዛሬም አለ። በጃንዋሪ 2025 የውጭ እርዳታ በትዕዛዝ ለ90 ቀን ሲታገድ፣ በኋላም በጁላይ 1 ዩኤስኤይድ ሥራውን ሲያቆም ነበረ። ለገንዘቡ ድምፅ ከሰጡት መካከል ግን ገንዘባችን የት ደረሰ ብለው የጮሁት ጥቂቶቹ ናቸው። በዚያው ጁላይ ኮንግረስ ራሱ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት እንዲሰረዝ በድምፅ ወሰነ። ውሳኔውን አልወደድኩትም። አገር ቤት በዚያ እርዳታ መድኃኒት የሚያገኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ግን ድምፅ ተሰጥቷል፣ ስም አለ፣ በምርጫ ቀን ልጠይቀው የምችለው ሰው አለ። ከአንድ ሰው ፊርማ የሚለየውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ቀጥሎ ፕሬዝዳንቱ ፈረሙ የሚል ዜና ስታወጡ፣ ከሥሩ በየትኛው የኮንግረስ ሕግ እንደፈረሙ ጻፉልን። ድምፅ ከተሰጠበት ደግሞ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው አካባቢዎች ተወካዮች፣ የሰሜን ቨርጂኒያው፣ የሜሪላንዱ፣ የሚኒሶታው፣ የአትላንታው፣ የሲያትሉ፣ ምን ብለው ድምፅ እንደሰጡ በስም አውጡ። የተወካዮች ምክር ቤት 435ቱም መቀመጫ በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባል። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በአማርኛ የሚያቀርብልን ነው የጠፋው። ጊዜ ካጣችሁ እኔ ከሥራ በኋላ እየለቀምኩ ልልክላችሁ ፈቃደኛ ነኝ።

አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ